ቅጠል የለበሰው ጣሪያ

«አውሮፕላኑ ተመልሶ ይመጣል አሉ» ይላሉ እማማ ቦሰና።

ሰኞ ይሉታል፣ ማክሰኞ ይሉታል፣ ምንጭ ወርደው ጀሪካን እየሞሉ ይሉታል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ንፍሮ እየቆረጠሙ ይሉታል። ማን እንዳለ አይናገሩም። «አሉ» ነው፣ በቃ። አውሮፕላኑ መጥቶ የሰፈራችንን ጣሪያ እንደገና ፎቶ ያነሳል፤ በዚህኛው ፎቶ የታየ ቤት ሁሉ ካርታ ይሰጠዋል፤ እኛም እንተርፋለን። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ቀና ብላ ሰማይ ታያለች። እኔ እሳቸውን አያለሁ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «እማማ፣ ይሄ አውሮፕላን ነዳጅ የት ነው የሚሞላው? ሃያ ዓመት ሙሉ እርስዎ አፍ ላይ ሲዞር አልደከመውም?» አልኳቸው። እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ምላሴ እንጂ ልቤ ክፉ እንዳልሆነ ነግረውኝ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነገር ማሾል ምን ደስ ይላል?

ቤታችን ከዊንጌት በላይ፣ ታክሲው ዳገቱ ከብዶት «መጨረሻ» ብሎ ካወረደሽ በኋላ ሩብ ሰዓት በእግርሽ የምትወጪበት ቦታ ነው። ከጀርባው የእንጦጦ ባህር ዛፍ ይጀምራል። አባቴ ቶለሳ መሬቱን ከአንድ ገበሬ በእጅ ጽሑፍ ውል ገዝቶ፣ ጭቃውን ራሱ አቡክቶ የሠራው ቤት ነው። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እናቴ የሺና እኔ ነን። ሰነድ የለንም። ሰነድ አልባ ቤት የሚተርፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ከአየር ላይ በተነሳው ካርታ ላይ ከታየ። ከታየ፣ ያኔ ነበረ ማለት ነው። ካልታየ፣ አልነበረም። እኛ አልታየንም። መስከረም መጨረሻ ላይ በራችን ሥር የገባው ወረቀት የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ አቤቱታ ካላችሁ በአሥራ አምስት ቀን አቅርቡ፣ ከሌላችሁ በራሳችሁ አፍርሱ።

ለምን እንዳልታየን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በእንጦጦ አናት ላይ ስትመላለስ ዋለች። ከዚያ በኋላ እማማ ቦሰና ከገበያ ወሬ ይዘው መጡ። ቆርቆሮ እየቆጠረች ነው አሉ፤ ያየችውን ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ሁሉ ሊያፈርሱት ነው፤ ተመልሳ ትመጣለች አሉ። አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ዘበኛ ሰው ደግሞ ሌባ ይመጣል ሲሉት «መቼ?» ይላል እንጂ «እውነት ነው?» አይልም። የእኛ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ነበር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚያጠፋ። እናቴ አራት ሸክም የባህር ዛፍ ቅጠል ከእንጦጦ አወረደች። እሷ ከታች አቀበለች፣ እሱ ከላይ ደረደረ። ማታ ላይ ቤታችን ከሩቅ ሲታይ የቅጠል ክምር መሰለ። ሌላው ጎረቤት ሳቀብን። ያኔ ከታች ሱቅ የነበረው፣ የዛሬው ባለሱቅ የፈድሉ አባትማ፣ «ጣሪያዬ ምን በደለኝና ነው ቅጠል የማለብሰው?» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አውሮፕላኗ አልተመለሰችም። ቅጠሉ ደርቆ ነፋስ በተነው። ከዓመታት በኋላ ግን ሕጉ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ተገልብጦ መጣ። የታየ ዳነ፣ የተደበቀ ጠፋ። ዛሬ ፈድሉ ካርታውን በላስቲክ አስለብጦ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቅሎታል። ከሱቁ እስከ ደጃችን አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ለክቼዋለሁ። እማማ ቦሰና ደግሞ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ታዩም አልታዩም ግድ የላቸውም፤ ስለ ወሬያቸው እንጂ ስለ ጣሪያቸው የሚያሰጋቸው ነገር የለም።

እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ትዝ የሚለኝ ሽታው ብቻ ነው፤ ጉንፋን ሲይዝሽ የምትታጠኚው ዓይነት፣ ቤቱን ሞልቶት። እናቴ ግን ሁሉም ትዝ ይላታል። ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። እህል እየለቀመች፣ ልብስ እያሰጣች፣ ለማንም ሳይሆን ትለዋለች።

«ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቅኩት አገር በሙሉ በወደቀበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ አላፍርም። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያውቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ያስተማረኝ የፈድሉ ሱቅ ነው። ፈድሉ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልለው ከአሮጌ መጽሐፍ ገጽ እየቀደደ ነው፤ በኪሎ ይገዛቸዋል። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ፣ እጁ ላይ ሊቀደድ የተዘጋጀ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየሁ፤ ገጹ ላይ የከተማ ስዕል አለ፣ ቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ። ስኳር ከምትጠቀልልበት ለኔ ስጠኝ አልኩት። «ላነበበውስ ስኳር ይሆናል እንዴ?» ብሎ ሳቀና ሰጠኝ። ሽፋን የለውም፣ ከፊቱ አርባ ገጽ ሄዷል። የጀመርኩት ከገጽ አርባ አንድ ነው። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ፣ አንዱን ምዕራፍ በወር፣ አንዳንዱን በሁለት ወር እየገፋሁ ጨረስኩት። የሰው ጂኦግራፊ ነው። ሰው የት ይኖራል፣ ለምን እዚያ ይኖራል፣ ማን ያስነሳዋል፣ ሲነሳስ የት ይሄዳል። እኔ መጽሐፍ ሳነብ የሰው አገር ነገር የሚነገረኝ ይመስለኝ ነበር፤ ይሄኛው ሰፈራችንን ነበር የሚያወራው።

ከዚያ በስልኬ ካርታ መሥራት ለመድኩ። ሰፈራችን በስልክ ካርታ ላይ ግራጫ ባዶ ነበር፤ ሰው የማይኖርበት ይመስል። ዛሬ ምንጩ፣ ሁለቱ የእንጨት መውረጃ መንገዶች፣ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት፣ የፈድሉ ሱቅ፣ ሁሉም ያለው እኔ ስላስገባሁት ነው። የእኛንም ቤት አስገብቻለሁ፤ አራት ማዕዘን፣ በሩ ወደ ምሥራቅ።

ፊሊሞን የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ያንን ካርታ የሠራው ማን ነው እያለ ጠይቆ ፈድሉ ሱቅ ደረሰ። ለሦስተኛ ዲግሪው ጥናት ይሠራል፤ ሠላሳ ቢሞላው ነው፤ መነጽርና የእግር ጉዞ ጫማ፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልነካው። ርዕሱን ሲነግረኝ እንደ ሕፃን ቀስ እያለ ነው። ሂውማን ጂኦግራፊ የሚባል ትምህርት አለ፤ በውስጡ ብዙ የጥናት ዘርፍ አለው፤ ለምሳሌ የሕዝብ አሰፋፈር፣ የከተማ...

«የኢኮኖሚ፣ የባህል፣ የፖለቲካ፣ የጤና» ብዬ ጨረስኩለት። «አንተ የትኛው ላይ ነህ? ድህነት በቱሪዝም መልክ የሚጠናበትም ዘርፍ አለ?»

ቀላ። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ሰው ይመስላል። የእሱ ዘርፍ፣ ሰው ለሚኖርበት ቦታ ያለው ስሜትና ከዚያ ቦታ ሲነሳ የሚሆነው ነገር ነው። መቶ ሃያ ቤት ይጠይቃል፤ ሰዎች ሰፈራቸውን በወረቀት ላይ በእጃቸው እንዲስሉ ያደርጋል፤ ሥዕላቸውን በላፕቶፑ ካለው ጋር ያስተያያል። መንገድ የሚመራው፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ተቀጠርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳገት ለዳገት ስንወጣና ስንወርድ፣ እሱ ማስታወሻ ስለሚይዝ ላፕቶፑ ያለበትን ጥቁር ቦርሳ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። የት ትኖሪያለሽ ሲለኝ፣ ከታች አስፋልቱ ዳር አልኩት። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ «እዚህ ሰው የለም» ብዬ አሳለፍኩት። መጠይቁ ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በቤቱ ውስጥ ስንት ክፍል አለ፤ መጸዳጃ ቤት የጋራ ነው የግል፤ ከዚህ ብትነሱ ምን ይሰማዎታል። እኔ ጠያቂ ነኝ እንጂ ተጠያቂ አይደለሁም። የአንድ ተማሪ ወረቀት ላይ ሰባ አራተኛ ቤት ሆኜ፣ «ምላሽ ሰጪዋ አለቀሰች» ተብዬ ልጻፍ? ወረቀቱ በራችን ሥር ሲገባ ጥናቱ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ያኔም አልነገርኩትም። ያኔማ ጭራሽ።

ወረቀቱ በመጣ በሦስተኛው ቀን እማማ ቦሰና ዘንድ ገባን። ፊሊሞን አንድ ሰፊ ነጭ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጣቸው። እርሳስ ይዘው አያውቁም፤ መጀመሪያ እንደ ማማሰያ ጨበጡት። ከዚያ ግን ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ምንጩን ሳሉ፤ ትልቅ አድርገው፣ ከቤተ ክርስቲያኑም የበለጠ። እንጨት ሲያወርዱ የሚያርፉባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አስቀመጡ። የሞተ ሰው ቤት ሁሉ ላይ መስቀል አደረጉ፤ ሰፈራችን ምን ያህል ሞቷል እያልኩ ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ሣጥን ሳሉና በላዩ ላይ አረንጓዴ እርሳሱን ይዘው ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፊሊሞን።

እማማ ቦሰና ልባቸው ሲነካ ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ። ብዙ ተናገሩ። የቶለሳ ቤት ነው አሉ። አውሮፕላኗ የመጣች ጊዜ ቅጠል ያለበሰው። ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አፌ በተቆረጠ፤ አሁን ቤቱ ፎቶው ላይ የለም ብለው ሊያፈርሱባቸው ነው፤ ይሄንን ጻፍልኝ በዪው፤ የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ያውቅ ይሆናል።

ፊሊሞን እርሳሱን አዘጋጅቶ አየኝ።

«ባህር ዛፍ ነው» አልኩት።

«ይሄን ሁሉ ተናግረው?»

«ስለ ባህር ዛፍ ብዙ የሚነገር ነገር አለ።»

ጻፈ። ባህር ዛፍ። እማማ ቦሰና አማርኛ ይሰማሉ፤ እኔን አዩኝና አረንጓዴውን እርሳስ ወረቀቱ ላይ አጋደሙት።

አቤቱታ ልናቀርብ እናቴና እኔ በሰባተኛው ቀን መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድን። እናቴ የእድሩን ደብተር፣ የአባቴን የሥራ መታወቂያና የገበሬውን ውል በፌስታል ይዛለች። የመብራት ደረሰኝ የለንም፤ መብራት የምናገኘው ከፈድሉ ቆጣሪ ተስቦ ነው። ረጅም ሰልፍ። ተራችን ሲደርስ አንዲት የደከማት ወጣት ሠራተኛ፣ ትሁት ናት፣ ይህን ልክድባት አልችልም፣ የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እኛ አዞረችው።

ነጭ መደብ ላይ በቀጭን ጥቁር መስመር የተሳሉ ሣጥኖች ናቸው። ሠራተኛዋ ልታሳየን ስትጀምር፣ «ተይው፣ ካርታ አነባለሁ» አልኳት። ምንጩን አገኘሁ። መንገዱን ተከትዬ የፈድሉን ሱቅ አገኘሁ። ከዚያ በጣቴ ወደ ላይ ሄድኩ። ነጭ ነው። ትንሽ ወደ ግራ። ነጭ ነው።

«ፎቶው ላይ የላችሁም» አለች ሠራተኛዋ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ፣ «ልጄ፣ ከሥሩ ነበርን እኮ። ቅጠል ስለነበረበት ነው» አለቻት። ሠራተኛዋ ግራ ገባት። ቅጠሉን ላስረዳት ስጀምር ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል የእብድ ወሬ እንደሚመስል ለራሴም ተሰማኝ። የስልኬን ካርታ አሳየኋት፤ ይኸው ቤታችን አልኳት። ማን እንዳስገባው ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። ፈገግ አለች፤ ክፋት የለበትም፣ ፈገግታው ግን እስካሁን እዚህ ጋ አለ።

«ያኔ ለመኖራችሁ ሌላ ማስረጃ ካላችሁ ጊዜው ሳያልፍ አምጡ» አለች።

«ከፎቶ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» አልኳት። እንደማውቅ። እናቴን ክንዷን ይዤ አወጣኋት፤ ደረጃው ላይ፣ «የለንም እማዬ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳት። እኔ ስላት ነው ያመነችው። ሠራተኛዋን አላመነቻትም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ስምንት ቀናት እንዴት እንዳለፉ መጻፍ አልችልም፤ ምንም ስላልተደረገባቸው። መጽሐፌን እንደገና አነበብኩ። ስለ መፈናቀል አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ስንት ዓይነት እንደሆነ ይዘረዝራል። የእኛ የትኛው እንደሆነ አወቅኩ። ማወቄ ምን ፈየደ? የበሽታሽን ስም እያወቅሽ መታመም ነው። ፊሊሞን ሥራውን ጨርሶ፣ አመስግኖኝ፣ ቦርሳውን ከትከሻዬ ተቀብሎኝ ሄደ። ታክሲ ድረስ ሸኘሁት።

አፍራሾቹ የሚመጡት ዓርብ ስለነበር ሐሙስ ጠዋት ራሳችን ጀመርነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ማሽን ካወረደው ቆርቆሮው ይጨማደዳል፣ በሩ ይሰበራል። የእድሩ ሰዎች ለቀብር እንደሚመጡት መጡ፤ አለባበሳቸው ሳይቀር። ፌሮ ይዘው ወጡና ምስማር እየነቀሉ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ወደ ታች ለቀቁት። ፈድሉ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ቆርቆሮውን ጓሮው እንደሚያስቀምጥልን ነገረን፤ ሌላ የሚለው ስላልነበረው ስለ ዝገት አወራ። እናቴን ተቀመጪ ቢሏትም እምቢ አለች። ከታች ቆማ የሚወርደውን ቆርቆሮ ሁሉ በእጇ ተቀበለች። እጇ እየደማ ነበር።

«ያቀበልኩትም እኔ ነኝ» አለችና እጇን ለሚቀጥለው ቆርቆሮ ዘረጋች።

እማማ ቦሰና ጠዋቱን ሙሉ አጠገቧ ቆመው ነበር። ማገሩ ብቻ ሲቀር፣ ሰማይ ከውስጥ መታየት ሲጀምር፣ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«የሺ፣ ተመልሶ ይመጣል አሉ እኮ። ትንሽ ብትቆዩለት።»

እኔ ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናቴ ቀና ብዬ ሰማይ አየሁ።

ከዊንጌት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየን። ሰሜን የሚያይ መስኮት አለው፤ እንጦጦ ይታያል፣ ሰፈራችን ግን ከኮረብታው ትከሻ ጀርባ ነው። ኅዳር ገባ። ፊሊሞን ደወለ። ካርታውን ሊያሳትም ስለሆነ የቦታ ስሞቹን እንድመለከትለት ፈለገ፤ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተገናኘን። ጫማው አሁን ጭቃ ነክቶታል፤ እዚያ ደርሶ መመለሱ ነው። ከምንጩ በላይ ሦስት አራት ቤት ፈርሶ አጥር ታጥሮ እንዳየ ነገረኝ። አንደኛዋ፣ «ሰው የለም» ያልሽኝ ቤት አይደለችም ወይ አለኝ።

ለምን ያኔ እንደተናገርኩ አላውቅም። ምናልባት የምጠብቀው ነገር ስላለቀ ይሆናል። «ሰው ነበረባት። እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አውሮፕላኑን፣ አራቱን ሸክም ቅጠል፣ የእማማ ቦሰናን አረንጓዴ እርሳስ፣ ነጩን ስክሪን። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስጨርስ እሱ ጥቁሩን ቦርሳ ከፈተና ላፕቶፑን አወጣ።

«ፎቶው ላይ የላችሁም ያለችሽ፣ ያሳየችሽ ፎቶ ነው?» አለኝ።

«የአየር ካርታው።»

«መስመር ነው ወይስ ፎቶ?»

«መስመር። ያው አይደለም እንዴ?»

አንድ ፋይል ከፈተ። የሰው ጣሪያ፣ የሰው ጓሮ፣ የዛፍ ጥላ፣ የተሰጣ ልብስ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ፤ ሰፈራችን ከሰማይ፣ በሃያ ዓመት ታናሽ ሆኖ። የዘጠና ሰባቱ የአየር ፎቶ ራሱ። የሰፈሩን አቀማመጥ ከድሮው ጋር ለማስተያየት ከጥናቱ በፊት ነበር ያገኘው። ምንጩን አገኘሁ። የፈድሉን ሱቅ አገኘሁ። አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ሄድኩ።

ቤታችን አለ። ቅጠል የለበትም። እንደ መስተዋት ስባሪ ያበራል፤ በዚያ ሥዕል ላይ ከሁሉም ደምቆ የሚታየው ጣሪያ የእኛ ነው።

ፊሊሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ፤ አሁን እንደ ሕፃን ሳይሆን፣ ሐዘን ቤት እንደሚወራው። ካርታው የሚሳለው ሰው ተቀምጦ ፎቶውን እያየ መስመር ሲያሰምር ነው። በሺህ የሚቆጠር ጣሪያ ነው፤ አንዳንዱ ይዘለላል፣ ያጋጥማል። እንዲህ ሲሆን ፎቶውን አያይዞ አቤት ማለት ይቻላል፤ ያኔ ብትነግሪኝ የአንድ ቀን ሥራ ነበር አለ። ከዚያ ለመውቀስ ሳይሆን ነገሩ ስላልገባው፣ «ይሄ እኮ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ፎቶና ካርታ» አለ።

«የኔ መጽሐፍ ከገጽ አርባ አንድ ነው የሚጀምረው» አልኩት።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የማን ስኳር እንደተጠቀለለበት እንጃ። ምናልባት የእኛው።

አቤቱታው አሁንም ይቻል እንደሆነ ፊሊሞን ስልክ ደወለ፣ አንድ የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ መብት የሚሰጥበት ነገር የለም፤ ቦታው አጥር ገብቷል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቴን አላየም። እኔ ስክሪኑን ነበር የማየው። መጀመሪያ የመሰለኝ ይህ ነበር፦ ነፋስ ቅጠሉን ከበተነው በኋላ ነው አውሮፕላኗ የመጣችው፤ አንድ ቀን ተመልሳ ነበር፤ እማማ ቦሰና እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ከሥዕሉ ጥግ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ቀን አየሁ። ኖቬምበር ሃያ ሦስት። በጣቴ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ኅዳር አሥራ አራት።

ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ምንም አልነገርኳትም። ጎኗ ተቀምጬ ከምስሩ ጠጠር እያወጣሁ፣ እንደ ዋዛ፣ ያን ቅጠል ከእንጦጦ ያወረድሽው መቼ ነበር አልኳት።

ቀና አላለችም።

«የኅዳር ጽዮን ማግስት ነው» አለች። «አባትሽ በዕለቱ ካልሆነ ብሎ ነበር። በበዓልማ እንዴት እሸከማለሁ? አሳደርኩት።»

ኅዳር ጽዮን ሃያ አንድ ነው። ቅጠሉ ጣሪያው ላይ የወጣው ኅዳር ሃያ ሁለት ነው፤ ፎቶው ከተነሳ ስምንት ቀን አልፎት ነበር።